ዓምድ ሰባትን ባዶ ስለ መተው

ሽንፋ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የአካባቢው የዲጂታል ደህንነት ማስተባበሪያ ዴስክ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በእጄ ያሉትን ስልኮች ከነሚስጥር ቁጥራቸው እንዳስረክብ ለተጻፈልኝ ትእዛዝ መልስ ስለ መስጠት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወዲህ እነሆ ስምንተኛ ቀኑን ያለ መብራት ለሚሠራው ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ብርሃንን ከልብ እመኛለሁ። ቆላው በዚህ ወር እንዴት እንደሚያቃጥል የማያውቅ የለም፤ ያለ ቬንትሌተር ተቀምጦ የሰውን ሁሉ መልእክት ማዳመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል።

ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ የለጠፍሁትና በከተማችን የቴሌግራም ገጽ ያወጣሁት በድፍረት ተነሣሥቼ እንዳይመስልዎ። በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ብልከውም በዴስክዎ አሠራር መሠረት በሦስተኛው ቀን ከካምፕ ካምፕ መወራቱ ስለማይቀር፣ መንገዱን ላሳጥርልዎ ብዬ ነው።

እርስዎ ሥራዬን ጠንቅቀው ያውቁታል። በሱቄ በር ላይ ቆመው ለሚያነቡ እንግዶች ግን ባጭሩ ማስረዳት ይኖርብኛል። ሰርካለም ያረጋል እባላለሁ። በወረዳ መዝገብ ቤት ዘጠኝ ዓመት ፋይል ሳስርና ስፈታ ኖሬ፣ በጡረታ ሳይሆን በመሰልቸት ወጣሁና ከገበያው ጀርባ ጣሪያው ላይ ስድስት ሶላር የተዘረጋበት የስልክ ቻርጅ ቤት ከፈትሁ። ይኸው ሰባት ዓመቴ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት የሰሊጥ እርሻዎች መብራትም ኔትወርክም ስለሌላቸው፣ ሳሉግ የምንላቸው የሰሊጥ ሠራተኞች ለሚስታቸው ወይም ለእናታቸው የሚሉትን ካምፕ ውስጥ ሆነው በድምፅ ይቀዱታል። ማክሰኞና ቅዳሜ ዘመነ የተባለው ትራክተር ነጂ ስልኮቹን በሰሊጥ ጆንያ ሰብስቦ በተሳቢው ላይ ያመጣልኛል። እኔ ባትሪያቸውን እሞላለሁ፣ እከፍታቸዋለሁ፣ ዳታ አበራለሁ። የተቀዳው ይሄዳል፣ ከደጋ የተላከው ይወርዳል፣ ስልኮቹም በዚያው ጆንያ ይመለሳሉ። ሰውየው ከሥራ ሲገባ ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ላይ ተጋድሞ የልጁን ድምፅ ይሰማል።

ታዲያ ስልክ ጠፍቶ ሲበራ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት ስሙንና ቁጥሩን በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጥፋል። ኮምፒውተር የምትማር የእኅቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ይህን ስታይ ራሷን ይዛ፣ በዓለም ላይ ከዚህ የባሰ ሞኝነት አይቼ አላውቅም ብላኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ የሰው ድምፅ ከፍቼ አዳምጬ አላውቅም። ስልክ መልእክት መጣ ብሎ መጮህ ሲጀምር በፊቱ እደፋዋለሁ፤ የቤቴ ደንብ ይህ ነው። ሰዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነበር ፕላስተሩን የሚለጥፉት።

ከዚህ በታች ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። የትኛው ምስጋና፣ የትኛው ቅሬታ እንደሆነ ግራ ከገባዎ ጥፋቱ የአጻጻፌ ስለሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

1. ስለ ቅጹ። አዲሱን የግንኙነት ደህንነት ሕግ ለማስፈጸም በሚል በነሐሴ መጨረሻ ባለ ዘጠኝ ዓምድ ቅጽ ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከመዝገብ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ዓምድ ናፍቆኝ ነበር። ዓምድ አራት «ስልኩ የመጣበት ምክንያት» ይላል፤ ለሁሉም «ባትሪው ስላለቀ» ብዬ ሞላሁ። ዓምድ ሰባት «የመልእክቱ ይዘት ባጭሩ» ይላል፤ እርሱን ባዶ ተውሁት። በሳምንቱ ቅጹ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ «ዓምድ ሰባት ባዶ ስለሆነ ተስተካክሎ ይቅረብ» የሚል የእጅ ጽሕፈትዎ ሰፍሮበት ተመለሰልኝ። እኔም ይዘቱን የማላውቀው ስለማላዳምጥ መሆኑን በአክብሮት ጽፌ መለስሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንድ ባዶ ዓምድ ይህን ያህል እንቅልፍ የሚነሣው መሥሪያ ቤት በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም፤ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የሄደ የመድኃኒት መጠየቂያ ግን መልስ ሳያገኝ ዓመት ሲያልፈው በዓይኔ አይቻለሁ።

2. ስለ ጸጥታ። በየስብሰባው ይህ ሁሉ የሚደረገው ለእኛው ደህንነት መሆኑን ስለሚያስታውሱን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በመንገዳችን ላይ ሰው እንደሚታገት አውቃለሁ። የአጎቴ ልጅ ከአብርሃ ጅራ ሲመለስ ታግቶ አሥራ አንድ ቀን ጫካ ከርሟል፤ ስለዚህ ጠብቁን ስንል የምራችንን ነው። ነገር ግን የተከበሩ ኃላፊ፣ አጋች ስሙንና የሚስጥር ቁጥሩን በፕላስተር ጽፎ፣ ስልኩን ጆንያ ውስጥ ከትቶ በዘመነ ትራክተር አይልክልኝም። ያን ሰሞን ቤተሰባችን አጋቾቹ የደወሉበትን ቁጥር ይዞ በየቢሮው ሲንከራተት፣ ቁጥሩን ለማጣራት አቅም የለም ተብሎ ተመልሷል። ያ የታጣው አቅም የሰሊጥ ቆራጭ ስልክ ለመበርበር ሲሆን በአንድ ጀንበር መገኘቱ ለአገር ትልቅ እድገት ነው።

3. ስለ መጂዳ። ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን ሁለት ባለሙያዎችዎ መጥተው «ለቴክኒክ ፍተሻ» በሚል አርባ አንድ ስልክ ወስደው በማግስቱ መለሱ። ከእነዚያ መካከል የአንዱ ባለቤት መጂዳ ነበረች። መጂዳ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ መጥታ ገበያው ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ናት፤ እናቷ ገዳሪፍ ቀርተዋል። በዴስክዎ ዓረብኛ የሚሰማ ሰው ስላልተገኘ፣ የእናቷን መልእክት እንድትተረጉም የተጠራችው ራሷ መጂዳ ሆነች። በእውነት ልትተረጉምም ቃል ገብታ ፈረመች። ለዚህ ብልሃት ያለኝን አድናቆት መግለጽ ይቸግረኛል። የመጀመሪያው መልእክት ስድስት ደቂቃ ሲሆን፣ ከስድስቱ አራቱ ሰላምታ ነበር። እንዴት ነሽ፣ ጤናሽስ፣ ወገብሽስ፣ ጎረቤቶችሽስ ደህና ናቸው ወይ የሚል ነው። ባለሙያው ይህን ያህል ሰላምታ ያለ ምክንያት አይሆንም ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገማት። እንደ ነገረችኝ ከሆነ መጂዳ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእናቷ የምትልከው «ደህና ነኝ» የምትለዋን ብቻ ነው። እናቷ የተቀየመቻቸው መስሏቸው፣ ምን በድዬሽ ይሆን እያሉ በየቀኑ ይቅርታ ይጠይቋታል።

4. ስለ ደረበ። ደረበ የምለው ሰው ስሙ ደረበ አይደለም። እውነተኛ ስሙን እርስዎ ያውቁታል፣ ድምፁም አለዎት፤ ለሌላው ሰው ግን ከእኔ አፍ አይወጣም።

እዚህ ላይ ምስጋናውን አቆየውና የራሴን ጥፋት ልናገር። ባለሙያዎችዎ ሲመጡ ጆንያውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳዩኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ማኅተም ሳከብር የኖርሁ ሴት ነኝና እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። ይህስ ይሁን። ከስልኮቹ መካከል አራቱ ፕላስተራቸውን ላብ አርሶት ቁጥሩ ጠፍቶ ነበር። የአራቱንም ቁጥር በቃሌ ነገርኋቸው። ማንም አልጠየቀኝም። ሰባት ዓመት የያዝሁትን የሰው ሚስጥር የዘረገፍሁት፣ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት እንዲሉኝ ብዬ ነው። አሉኝም። ከአራቱ አንዱ የደረበ ስልክ ነበር።

ደረበ ከጎጃም ደጋ ሲመላለስ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። በዚያ ሳምንት ስሙን እዚህ ስለማልጽፈው ሕመሙ ለሚስቱ አራት ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ቀድቶላት ነበር። እኔ አልሰማሁትም፤ አራት ደቂቃ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ከባለሙያዎችዎ አንዱ ምሳ ቤት ተቀምጦ ሲያወራው ከሰሙ ሰዎች ነው። አርብ ዕለት ወሬው ካምፕ ገባ። ከእርሱ ጋር ከአንድ ሳህን ሲበሉ የከረሙት ስምንት ሰዎች ሳህን ለዩበት፤ የውኃውን ጀሪካን እንዳይነካ ተነገረው። ሰው ፈርቶ ነው፤ በእነርሱ አልፈርድም። የምትከታተለው የጤና ባለሙያ ሲስተር እሌኒ እንደምትለው ግን ከእርሱ ጋር አብሮ መብላት ምንም አያመጣም ነበር፤ የሚያሰጋው መድኃኒቱ ከተቋረጠ ነው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተዋጠ ሰውየው ይድናል፣ ከተቋረጠ ይሞታል። ለጎረቤትም የሚያሰጋው ያኔ ነው። ደረበ ሁለት ወር በትክክል ውጦ አራት ወር ቀርቶት ነበር።

ቅዳሜ ትራክተሩን ሳይጠብቅ በእግሩ መጣ። ቁጭ በል አልሁት፤ እምቢ አለ። ስልኩን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«እትዬ፣ አንቱም ሰሙት?»

አልሰማሁም አልሁት። እውነቴን ነበር። ሊያምነኝ እንደ ፈለገ ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ ቁጥሩን ማን እንደ ሰጠ ግን አልነገርሁትም፣ እርሱም ዓይኔን አይቶ ሳይጠይቀኝ ተወው። ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ፣ ጠቅልሎ፣ ወለሌ ላይ እንኳ ሳይጥለው ኪሱ ከተተውና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ካምፕ አልተመለሰም፣ አገሩም አልገባም፣ ስልኩ ዝግ ነው። የመድኃኒት ቀጠሮው ሰኞ ጥቅምት 10 ቀን ነበር። ሲስተር እሌኒ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ በሱቄ በር እያለፈች መጣ ወይ ትለኛለች፤ እኔም አልመጣም እላታለሁ። ዛሬ አሥረኛ ቀናችን ነው። እንግዲህ የተከበሩ ኃላፊ፣ በአርባ አንድ ስልክ ፍተሻ ያገኙት ወንጀለኛ ስንት እንደሆነ አልተነገረኝም፤ ያጣነው ሰው ግን አንድ መሆኑን ለሪፖርትዎ እንዲጠቅምዎ አሳውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ደወለችልኝ። የሱቄን ቁጥር የሳሉጎቹ ቤተሰብ ሁሉ ይዞታል። ድምፁ ደርሷት በዚያው ቀን መልስ ልካለት ነበር፤ ስልኩ ዝግ ስለሆነ እንዳልሰማው የነገርኋት እኔ ነኝ። የላከችለትን ነገረችኝና እንድለጥፈው ፈቀደችልኝ። የእርሱን ሁሉም ሰው ከሰማው የእኔንም እርሱ ይስማው አለች። ስለዚህ ይህ የደብዳቤዬ ክፍል ለእርስዎ አይደለም፤ ካነበቡትም ልማድዎ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ደረበ ሆይ፣ ሚስትህ ያለችው ይህን ነው፦ «ና ግባ። እኔም እመረመራለሁ፤ አብረን እንውጠዋለን። ሳህን አልለይብህም።» መድኃኒትህን ሲስተር እሌኒ በስምህ አስቀምጣልሃለች። ወደ እኔ ሱቅ መምጣት የለብህም፤ ቀጥታ እርሷ ዘንድ ሂድ።

5. ስለ ጆንያው። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጆንያው ሦስት ስልክ ይዞ መጣ። ባለፈው ማክሰኞ ዘመነ ባዶውን አጣጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና፣ ካልፈለግሽው ሰሊጥ ልጫንበት ብሎ ጠየቀኝ። ሳሉጎቹ አሁን ስልካቸውን የሚሞሉት በትራክተር ባትሪ ነው አለኝ፤ ኔትወርክ ፍለጋም ሥራ ፈትተው ሁለት ሰዓት በእግር ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። በዚህ ወር የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። የመረጃ ደህንነት እስከ ሰሊጡ ድረስ መዝለቁን አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ትእዛዝዎ ልመለስ። ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን በጻፉልኝ ደብዳቤ እስከ ነገ አርብ ጥቅምት 21 ቀን ድረስ «በእጅዎ የሚገኙትን ስልኮች ሁሉ ያለ ምንም ልዩነት» ከነሚስጥር ቁጥራቸውና ዓምድ ሰባት ተሞልቶ እንዳስረክብ፣ ይህን ባላደርግ ሱቄ እንደሚታሸግ አስታውቀውኛል። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ያለው፣ ማኅተሙም በትክክል ፊርማው ላይ ያረፈ በመሆኑ እንደ ቀድሞ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ኮርቼበታለሁ።

መልሴ ግን አላስረክብም የሚል ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የአንድ ሰው ስም ተጠቅሶ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ከመጣልኝ ባለቤቱን ጠርቼ እርሱ ባለበት እነጋገራለሁ። በጆንያ ግን የሰው ሚስጥር አልሰጥም። አንድ ጊዜ ሰጥቼ ያተረፍሁትን ከላይ አንብበውታል። በተጨማሪም በጥቅምት 4 ቀን ከስልኮቹ ገልብጣችሁ ያስቀራችሁት ድምፅና ጽሑፍ ሁሉ እንዲጠፋ፣ መጥፋቱም ለየባለቤቶቹ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ ምሳ ቤት ተቀምጦ ያወራው ባለሙያም ደረበን ፈልጎ ይቅርታ እንዲጠይቅ አመለክታለሁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በቅጽዎ ላይ ዓምድ ስለሌለው እንደሚቸግርዎ ይገባኛል።

ተናድጃለሁ፤ ይህንንም ልደብቅዎ አልፈልግም። የምናደደው በእርስዎ ብቻ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ያ የታጠፈ ጆንያ አለ፤ ሳየው አራቱን ቁጥሮች በቃሌ ስደረድር ይታየኛል። ሱቁን ነገ ብታሽጉት ቢያንስ ጆንያውን ከማየት እገላገላለሁ፤ ለዚህም በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ይህ ወረቀት ግን በሩ ላይ እንዲቆይ፣ ሰም ስታፈስሱም እንዳትሸፍኑት እለምናለሁ፤ ደረበ በዚያ ሲያልፍ ሊያነበው ይችላል።

የማኅተምዎ ክብነት ሳይዛባ፣ ቀይ እስክሪብቶዎ ሳይደርቅ፣ ጆሮዎም ከአገልግሎት ብዛት ሳይደክም ለብዙ ዘመን እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ እስከ ነገ ድረስ የቻርጅ ቤት ባለቤት የሆንሁ፣

ሰርካለም ያረጋል (ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለዘመነ፣ ጆንያውን ሰሊጥ እንዳይጭንበት
ለመጂዳ፣ እናቷን በሙሉ ስድስት ደቂቃ ሰላም እንድትል
ለሲስተር እሌኒ፣ ለመረጃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ረቡዕ የጽሕፈት ቤትዎ ዘበኛ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ሙሉልን ብሎ አንድ ጥቁር ስልክ ትቶልኛል። ጀርባው ላይ እንደ አገሩ ልማድ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ ስምዎና የሚስጥር ቁጥርዎ ተጽፎበታል፤ የእጅ ጽሕፈቱን ከቀዩ እስክሪብቶ አውቄዋለሁ። ገቢ ወጪው ቁጥሩን እንዳያነብ በላዩ ሌላ ፕላስተር ደርቤበታለሁ። «ያለ ምንም ልዩነት» ስላሉ በቅጹ ላይ የከተማው ሰው ከተወልኝ አሥራ ስምንት ስልኮች ቀጥሎ አሥራ ዘጠነኛ አድርጌ መዝግቤዋለሁ፤ ዓምድ አራት ላይ «ባትሪው ስላለቀ» ብያለሁ። ከትናንት ጀምሮ አሥራ አራት ጊዜ ጮኋል፣ በፊቱ ደፍቼዋለሁ። ባትሪው ሞልቷል፤ ነገ ሱቁን ለማሸግ ሲመጡ ራስዎ ይውሰዱት፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ዓምድ ሰባት ባዶ ነው።